በቡታጅራ በኩል ወደ ሐዋሳ፦ በአጭር የቤተሰብ ጉዞ ምን፣ የትና መቼ እንብላ?

መንገድ ወዳድ (ውይይቱን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ዓርብ ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነሥተን እሑድ ማታ ለመመለስ ያሰብነው የቤተሰብ ጉዞ አለ፤ መድረሻችን ሐዋሳ ነው። በመኪናው ውስጥ ከባለቤቴና ከእኔ ሌላ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የሆኑ ልጆቻችን፣ ገና ዓመት ያልሞላት ሕፃናችንና እናቴ ይኖራሉ።

ጥያቄዬ ስለ ማደሪያ ወይም ስለ መዝናኛ ሳይሆን ስለ ምግብ ነው። እስካሁን ስንጓዝ ወይ ከቤት የቋጠርነውን በመኪና ውስጥ እንበላለን፣ ወይ ደግሞ ትልቅ መስሎ የታየን ሆቴል ገብተን ቤታችን የምንበላውኑ ፓስታና ጥብስ አዝዘን እንወጣለን። ልጆቼ ዝዋይን የሚያውቁት በሐይቁ ሳይሆን በአንድ ሆቴል የድንች ጥብስ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በዚህ ጉዞ ግን የየአካባቢው ሰው የሚበላውን፣ እዚያው በሚዘጋጅበት መንገድ፣ ሳንጣደፍ መቅመስ እንፈልጋለን። በየትኛው መንገድ ብንሄድ ይሻላል? የትኛው ምግብ የት ይገኛል? ከሕፃንና ከአረጋዊት ጋር ሲሆንስ ምን መጠንቀቅ ይገባል? የሆቴል ስም እንድትጠቁሙኝ አልጠይቅም፤ ባለቤቱ ወይም ወጥ ሠሪዋ ስትቀየር ምክሩም አብሮ ያረጃልና።

ቆጮ ወዳድ

እንኳን በደኅና መጡ። እኔ የምመክርዎ በሞጆ በኩል ሳይሆን በቡታጅራ በኩል እንዲሄዱ ነው። ምክንያቴም ቀላል ነው፤ የፍጥነት መንገዱ ምግብ የለውም። ከከተሞች ውጭ የሚያልፍ፣ በአጥር የተከለለና በዘፈቀደ መቆም የማይፈቀድበት መንገድ ስለሆነ፣ ቶሎ ያደርሳል እንጂ ምንም አያስቀምስም። በዓለም ገና ወጥተው አዋሽን መልካ ቁንጥሬ ላይ ተሻግረው፣ በጢያ አልፈው ቡታጅራ ሲደርሱ ግን 135 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው የምሳ ሰዓት ይሆንልዎታል። ከዚያ በቆሼ በኩል ወደ ዝዋይ (አሁን ባቱ ወደሚባለው ከተማ) 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዝዋይ ሐዋሳ ደግሞ 115 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይቀራል።

ቡታጅራ ላይ የሚበላው ክትፎ መሆኑን ለማንም መንገር አያስፈልግም፤ መነገር ያለበት ክትፎው ብቻውን እንደማይበላ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ክትፎ የሥጋ ምግብ ተደርጎ ይታያል፤ አይቡና ጎመኑ ማጀቢያ፣ ቆጮውም እንደ ዳቦ ይቆጠራል። በጉራጌ ቤት ግን መሠረቱ እንሰት ነው። በየቤቱ ጓሮ የሚያዩት፣ ሙዝ የሚመስለው ግን የሚበላ ፍሬ የሌለው ተክል እርሱ ነው። ለመቆረጥ የሚደርሰው እንደ ቦታውና እንደ ዝርያው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ሴቶች ግንዱን ፍቀው፣ ሥሩን ቀጥቅጠው፣ በቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ለሳምንታት ወይም ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ያብላሉታል፤ ቆጮ የሚባለው ይኸው ነው። ሲፋቅና ሲጨመቅ የሚወጣው ፈሳሽ ረግቶ የሚቀረው ነጭ ዱቄት ቡላ ይባላል፤ ሳይብላላ ተቀቅሎ እንደ ድንች የሚበላው የሥሩ ክፍል ደግሞ አምቾ ነው። እንሰት ኃይል ሰጪ ቢሆንም ፕሮቲኑ አነስተኛ ስለሆነ አይብ፣ ጎመንና ሥጋ አብረውት መቅረባቸው እንዲያው ለጌጥ አይደለም። ከክትፎው በፊት ዝማሙጃት መኖሩን ይጠይቁ፤ ጎመንና አይብ በቅቤ የተዋሐዱበት ምግብ ነው፤ ለስላሳ ስለሆነም ልጆችና ጥርሳቸው የደከመ ሰዎች ይወዱታል።

ልጆቹ የቆጮውን ሽታ ሲሸቱ ፊታቸውን ሊያጨማድዱ ይችላሉ። እንዲበሉ አያስገድዷቸው፤ ስሱን፣ በደንብ የተጋገረውንና ትኩሱን ትንሽ ቆርሰው በአይብ ይስጧቸው። ቀዝቃዛ ቆጮ ለለመደውም ሰው ይከብዳል።

ስንቅ ቋጣሪ

እኔ ከላይ በተሰጠው ምክር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ከሕፃንና ከአረጋዊት ጋር የሚጓዝ ሰው በየመንገዱ ያልለመደውን ምግብ ሲያስቀምስ ውሎ፣ ማታ ሐዋሳ ላይ መድኃኒት ቤት ሲፈልግ ቢገኝ ማን ይጠየቃል? ሴት አያቶቻችን በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥረው ይወጡ የነበረው መንገድ ላይ የሚበላ ስለጠፋ ብቻ አልነበረም፤ በገዛ እጃቸው የሠሩትን ስለሚያምኑ ጭምር ነው። ወጪውም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ ለአንድ ቤተሰብ በቀን ሁለት ጊዜ ምግብ ቤት መግባት ከነዳጁ ሊበልጥ ይችላል። ከአካባቢው ምግብ አንዱን መርጣችሁ ቅመሱ፤ የቀረውን ከቤት ያዙ።

ነርስ እናት

የሙያዬ ነገር ስለሆነ በዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፤ የሁለታችሁም አስተያየት ግማሹ ልክ ነውና።

ከቤት የተያዘ ምግብ በራሱ ደኅንነቱ የተጠበቀ አይደለም። የበሰለ ምግብ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነበት ቦታ ደግሞ፣ በስምጥ ሸለቆ ቀትር ላይ እንደቆመ መኪና ማለቴ ነው፣ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይም። ጠዋት 12 ሰዓት የተጠቀለለ ዶሮ ወይም የእንቁላል ፍርፍር እኩለ ቀን ላይ ሲበላ፣ እዚያው ከምድጃ ከወረደ ምግብ የበለጠ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ስንቅ ከሆነ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ የሚላጥ ፍራፍሬ፤ ማለትም ደረቅ የሆነውን ወይም የራሱ ልጣጭ ያለውን ያዙ። አያቶቻችን የቋጠሩትም ይህንኑ ነበር፤ ወጥ አልቋጠሩም።

ምግብ ቤት ስትመርጡ የግድግዳውን ውበት ተዉትና ሰው የሚበዛበትን እዩ፤ ሰው በበዛበት ቤት ምግብ አያድርም። እጅ መታጠቢያው ውኃና ሳሙና እንዳለው አረጋግጡ። ትኩስ ሆኖ የሚቀርበውን ምረጡ፤ ጥሬ ሰላጣን ለልጆች አትስጡ። የታሸገ ውኃ ስትገዙ ክዳኑ ያልተከፈተ መሆኑን አረጋግጡ። የጭማቂ ነገርም አለ፤ አቮካዶው ጥሩ ቢሆንም የተቀላቀለበት ውኃና የመፍጫው ንጽሕና ነው ጥያቄው።

ክትፎን በተመለከተ ግልጽ ልሁን። ጥሬ የከብት ሥጋ የኮሶ ትል ያስይዛል፤ ለብለብም ቢሆን ውስጡ ስላልበሰለ ከዚህ አያድንም። የተፈጨ ወይም የተከተፈ ሥጋ መካከሉ ድረስ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ነው ደኅና የሚባለው። ስለዚህ የልጆቹና የእናትዎ ክትፎ “ሙሉ ለሙሉ የበሰለ” ተብሎ ይታዘዝ፤ እርጉዝ ሴት ካለች ለእርሷም እንዲሁ። የበሰለ ክትፎ በጥሩ ቅቤ ከተሠራ ጣዕሙን አያጣም፤ ይህን ስል የሚቆጡ ወዳጆች እንዳሉኝ አውቃለሁ። ሚጥሚጣውን ለብቻ ያስቀርቡ። ያልፈላ ወተትም ለማንም አይሰጥ፤ የከብት ሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ የሚተላለፉበት አንዱ መንገድ ነው።

ለሕፃኗ ማር በምንም መልኩ፣ ጣት ላይ ተቀብቶም ቢሆን፣ ዓመት ሳይሞላት አይሰጥ። በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል የባክቴሪያ ዘር በሕፃናት አንጀት ውስጥ አድጎ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ በሽታ ያመጣል፤ መፍላቱም ዘሩን አይገድለውም። የምግብ ቤቱ እናቶች ለፍቅር ብለው ሊያቀምሷት ስለሚችሉ ቀድመው በትሕትና ይንገሯቸው። በመጨረሻም የኦ.አር.ኤስ. (በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽ የሚተካ ጨውና ስኳር) ከረጢቶች ይያዙ፤ ትልቁ ከረጢት በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ወይም በታሸገ ውኃ ይበጠበጣል። ተቅማጥ ከደም ወይም ከከፍተኛ ትኩሳት ጋር ከመጣ፣ ወይም ሕፃኗ መጥባት ካቆመች፣ ጉዞው ይቆምና ወደ ጤና ተቋም ይሄዳሉ።

የሐይቅ ዳር ነዋሪ

ስለ ዓሣው እኔ ልናገር። ሐዋሳ ላይ ዓሣ የሚበላው ጠዋት ነው። እንግዶች ግን ቀኑን ሲዞሩ ውለው ማታ በሆቴል መብራት ሥር ዓሣ ያዝዛሉ፤ በዚያ ሰዓት የሚቀርብላቸው ጠዋት የወጣ ወይም ከማቀዝቀዣ የተነሣ ነው። አሞራ ገደል ወደሚባለው የሐይቁ ዳርቻ በማለዳ ከሄዳችሁ ጀልባዎች መረባቸውን ይዘው ሲመጡ፣ ዓሣው እዚያው ሲገፈፍና ሲከፈል፣ አባ ኮዳዎችም ትርፍራፊውን ሲጠብቁ ታያላችሁ። ልጆችዎ ከዓሣው ይልቅ ወፎቹን ያስታውሱ ይሆናል፤ ይሁን።

የዓይነቱ ነገር እንዲህ ነው። ቆሮሶ ሙሉውን ጎኑ ተሰነጣጥቆ በዘይት ይጠበሳል፤ ጣዕሙ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እሾሁ ጥቃቅን ስለሆነ ለልጅ ሲሰጥ አዋቂ ለቅሞ ማውጣት አለበት። አምባዛ ሥጋው ወፍራም፣ እሾሁም ለመለየት የቀለለ ነው፤ በጉላሽ መልክ ለልጆች ይስማማል። ቅርፊት የሌለው በመሆኑ በእምነታቸው ምክንያት የማይበሉት ሰዎች ስላሉ እናትዎን ቀድመው ይጠይቋቸው። ዓሣው ትኩስ መሆኑን ለማወቅ በጉንጩ ክዳን ሥር ያለው መተንፈሻው (ስንጥቡ) ቀይ፣ ዓይኑም የጠራ መሆኑን ይዩ፤ ሥጋው ሲጫኑት ተመልሶ የማይነሣ ከሆነ ይተዉት። አጠገቡ የሚቀርበው ዳጣ ከአረንጓዴ ቃሪያና ከቅመማ ቅመም የተፈጨ ነው፤ ለለመደ ሰው ያለእርሱ ዓሣው አይበላም፤ ለልጅ ግን ገና ነው። ጥሬ ዓሣ የሚበሉ ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን ከነርስ እናት ጋር ነኝ፤ የሐይቅ ዓሣ የራሱ ጥገኛ ትላትል ስላለው በቤተሰብ ጉዞ ላይ አይሞከርም።

ዝዋይ ላይም ዓሣ አለ። እዚያ “ዓሣ” ተብሎ ብቻ ሲታዘዝ ከውጭ መጥቶ ሐይቁ ውስጥ የተራባው ካርፕ ሊመጣ ስለሚችል፣ ቆሮሶ ከፈለጉ በስሙ ይጠይቁ።

መንገድ ወዳድ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ሳልጠቅስ ቀርቻለሁ፤ እናቴ ረቡዕና ዓርብን ትጾማለች፤ እኛም ከእርሷ ጋር ስንሆን እንጾማለን። ዓርብ ቀን ቡታጅራ ላይ ክትፎ ፊት ተቀምጦ ሽሮ ማዘዝ ለእርሷም ለእኛም አሳዛኝ ይሆናል። ዓሣ በጾም ይበላል የሚሉም አሉ። ምን ትላላችሁ?

የረጅም መንገድ ሾፌር

መፍትሔው መንገዱን መገልበጥ ነው። ቆጮ ወዳድ ያሉት መንገድ ትክክል ነው፤ ቀኑ ግን የእርስዎ ቀን አይደለም። ዓርብ በሞጆ በኩል ውረዱ። የጾም ቀን ስለሆነ ከፍጥነት መንገዱ የሚጎድልባችሁ ነገር የለም፤ ዝዋይ ወይም ሻሸመኔ ላይ የጾም በያይነቱ የሚያጡበት ቤት የለም፤ ድንቹም ሆነ ጎመኑ ከአካባቢው እርሻ የመጣ ነው። ቅዳሜ ማለዳ በሐይቁ ዳር ዓሣ ትበላላችሁ። እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሐዋሳ ብትነሡ፣ በዝዋይ ወደ ቆሼ ታጥፋችሁ፣ በ6 ሰዓት ገደማ ቡታጅራ ላይ ለክትፎው ትደርሳላችሁ።

ይህ አካሄድ ለሾፌሩም ይሻላል። ቅቤ የበዛበት ምሳ ተበልቶ መሪ ሲያዝ እንቅልፍ ይመጣል፤ በዚያ ላይ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ሰውነት በተፈጥሮው ይዳከማል። በመመለሻ ከሆነ ከምሳው በኋላ ጢያ ትገኛለች። ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 36 ትክል ድንጋዮች መካከል ቤተሰቡ ሲዘዋወር፣ ሾፌሩም እግሩን አፍታትቶ ቡና ይጠጣል። ሾፌሩ ግማሽ ምግብ ይብላ። ጠጅና አረቄን በተመለከተ የአርሲ ነጌሌ አረቄ ስሙ የገነነ ቢሆንም፣ መሪ የያዘ ሰው ለማሽተትም ባይጠጋው ይመረጣል። ከጨለመ በኋላ እንስሳትና ጋሪ በመንገዱ ላይ ስለሚኖሩ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ከተማ ግቡ።

ስለ ሸመታ አንድ ቃል ልጨምር። ቆሼ የማረቆ ወረዳ ከተማ ናት፤ የማረቆ በርበሬ በቀለሙና በጣዕሙ የታወቀ ስለሆነ ሳይፈጭ፣ ዛላውን መርጣችሁ ግዙ። እርጥበት የያዘ ወይም ሻጋታ የነካው ዛላ አትውሰዱ። የመቂና የዝዋይ ቲማቲምና ሽንኩርት መንገድ ዳር በየሣጥኑ ተደርድሮ ሲታይ ያጓጓል፤ ዓርብ ገዝታችሁ በመኪና ይዛችሁ ከሰነበታችሁ ግን ቲማቲሙ እሑድ ድረስ አይቆይም።

ቆጮ ወዳድ

ሾፌሩ አሸነፉኝ፤ በዚህ ቀን ከሆነ መገልበጡ ይሻላል። የማክለው፣ ቡታጅራ ላይ እሑድ ቀትር ቤቶቹ ስለሚሞሉ ከሐዋሳ ስትነሡ ስልክ ደውላችሁ ብታዝዙ መልካም ነው። በመስቀል ሰሞን ከሆነ ደግሞ ጉራጌው ከየከተማው ወደ ትውልድ ቦታው ስለሚመለስ መንገዱም ቤቶቹም ይጨናነቃሉ፤ የቤቱ ክትፎ ከምግብ ቤቱ የሚበልጥበት ወቅትም እርሱ ነው፤ ወዳጅ ያለው ሰው ታድሏል። በረመዳን ወር በቡታጅራና በስልጤ አካባቢ ቀን ቀን የሚዘጉ ምግብ ቤቶች አሉ። ሥጋ ላይ የቤቱ እርድ የክርስቲያን ወይም የሙስሊም መሆኑ በምልክት ይታወቃል፤ ካልታየ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ባለቤቶቹ ጥያቄውን ለምደውታል።

የሐይቅ ዳር ነዋሪ

ዓሣ በጾም ስለመብላት ሰው በሁለት ይከፈላል፤ በርካታ ምግብ ቤቶች ከጾም ምግብ ጋር ያቀርቡታል፤ አጥብቀው የሚጾሙ ምእመናን ግን አይበሉትም። በመድረክ ላይ የሚወሰን ነገር ስላልሆነ እናትዎ የነፍስ አባታቸውን ይጠይቁ። ዓሣው ቅዳሜ ከሆነ ግን ጥያቄው ራሱ አይነሣም፤ ከዐቢይ ጾምና ከሌሎቹ አጽዋማት ወራት ጋር እንዳይገጣጠም ብቻ ቀኑን ይመልከቱ።

ሲዳማዊት

ሁላችሁም ስለ ሐዋሳ ስታወሩ ሐይቁን ብቻ አያችሁ፤ ከተማዋ ያለችው በሲዳማ ምድር ነው። የሲዳማ ምግብ ደግሞ ዓሣ አይደለም፤ ዓሣው የሐይቁ ነው። የእኛ ምግብ ቡርሳሜ ነው። ቆጮን እኛ ዋሳ እንለዋለን፤ ዋሳው በጥሩ ሁኔታ ተዘጋጅቶ፣ ከብዙ ቅቤ ጋር ተዋሕዶ፣ ሻፌታ በሚባል የሸክላ ዕቃ ይቀርባል፤ ሰውም ዙሪያውን ተቀምጦ በጋራ ይበላል፤ ከእርጎ ወይም ከወተት ጋር ይወሰዳል። በዘመን መለወጫችን በፊቼ ጫምባላላ ዋዜማ የሚበላው ይኸው ነው፤ በዓሉም በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል።

እንግዳው ሰው የሚሳሳተው ቡርሳሜን እንደ ጥብስ በሃያ ደቂቃ የሚደርስ ምግብ አድርጎ በመቁጠሩ ነው። ዝግጅቱ ጊዜ ይወስዳል። ዓርብ ማታ ሐዋሳ ስትገቡ ባህላዊ ምግብ የሚሠራ ቤት ፈልጋችሁ ለቅዳሜ ምሳ እዘዙ፤ ስንት ሰው እንደሆናችሁም ተናገሩ። ቅቤው እንዳይበዛባችሁ ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ ንገሩ፤ ከቀረበ በኋላ ቅቤን መቀነስ አይቻልም። ለእናትዎ በጣም ይስማማቸዋል፤ ማኘክ አያስቸግርምና። የልብ ወይም የኮሌስትሮል ሕመም ካለባቸው ግን ከሐኪማቸው የተነገራቸውን ያስቡ። ከምግቡ በኋላ የሚፈላውን ቡና ሳትጠጡ አትነሡ፤ ሲዳማ በቡናው በዓለም ገበያ የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ ሐዋሳ ድረስ መጥቶ የዱቄት ቡና አዝዞ የሚሄድ እንግዳ ያሳዝነኛል።

ስንቅ ቋጣሪ

የነርሷን ምክር ተቀብያለሁ፤ ጭኮውን ደግሞ እኔው ልከራከርለት። ከተቆላ ገብስ ዱቄትና ከተነጠረ ቅቤ የሚሠራው የአርሲ ኦሮሞ ጭኮ ስንቅም የአካባቢ ምግብም ስለሆነ ክርክራችንን ያስታርቃል። ሻሸመኔ ላይ ጠይቃችሁ ካገኛችሁ ለመመለሻ ያዙ፤ ሳይበላሽ ብዙ ቀን ይቆያል፤ ልጆችም በትንሹ ይጠግባሉ።

ወጪውን በተመለከተ ግን አቋሜን አልለወጥኩም። ከመቀመጣችሁ በፊት ዋጋ ጠይቁ። ሥጋ በኪሎ ሲሆን ዋጋው የጥሬው ብቻ ነው ወይስ መጥበሻውን ይጨምራል? ዓሣስ በአንድ ነው ወይስ በሳህን? በምግብ ዝርዝሩ ላይ ያለው ዋጋ 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስና የአገልግሎት ክፍያውን ያካትታል? ይህን ከመብላት በፊት መጠየቅ ጥንቃቄ ነው፤ ከበሉ በኋላ ግን ጭቅጭቅ ይሆናል። ክትፎም ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ጣባ ማዘዝ አያስፈልግም፤ ቅቤው ከባድ ስለሆነ ሁለት አዋቂ አንዱን ተካፍሎ፣ በጎመንና በአይብ ሲጨምርበት ይጠግባል።

መንገድ ወዳድ

በጣም ጥሩ። እንግዲህ ያሰብኩት እንዲህ ነው፤ ዓርብ በሞጆ ወርደን ዝዋይ ላይ የጾም ምሳ እንበላለን፤ ማታ ሐዋሳ ላይ የቡርሳሜውን ትእዛዝ እንሰጣለን። ቅዳሜ ጠዋት አሞራ ገደል፣ ለምሳ ቡርሳሜ፣ ለእራት ከፍራፍሬ የዘለለ ነገር አንበላም። እሑድ በቆሼ በርበሬ ገዝተን፣ ቡታጅራ ላይ ክትፎ በልተን፣ በጢያ በኩል እንመለሳለን። ሁለት ነገር ቀረኝ፤ የሕፃኗ ምግብ ምን ይሁን? ልጆቹስ ምንም አንበላም ቢሉ ምን እናድርግ?

ነርስ እናት

ሕፃኗ ስድስት ወር ካለፋት ከጡት በተጨማሪ የሚሰጣትን ምግብ በዚህ ጉዞ ላይ አይለውጡባት፤ አዲስ ነገር የምትጀምርበት ጊዜ አይደለም። ደረቅ ዱቄቱን ከቤት ይያዙ፤ የፈላ ውኃ በፔርሙዝ ይዘው በሚበላበት ሰዓት ያዘጋጁላት፤ የተረፋትን አያስቀምጡ። ጡት የምትጠባ ከሆነ ከሁሉ የሚቀለው እርሱ ነው። የለመደችው ከሆነ ሙዝ ወይም በደንብ የበሰለ ድንች እዚያው ተፈጭቶ ቢሰጣት ከቤተሰቡ ጋር እንደበላች ይቆጠራል። የቡላ አጥሚት ይሰጣት የሚል ሰው ቢመጣ፣ ፕሮቲኑ አነስተኛ ስለሆነ ብቻውን ምግብ አይሆናትም፤ ማር እንዳልገባበትም ይጠይቁ።

ትልልቆቹን በተመለከተ፣ ልጅ አዲስ ምግብን በመጀመሪያው ቀን አለመቀበሉ የተለመደ ነው፤ ብዙዎቹ የሚለምዱት አሥር ጊዜና ከዚያ በላይ ከቀረበላቸው በኋላ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ቡርሳሜን አልነካም ያለ ልጅ እሑድ ቆጮን ቆርሶ ሊያሸት ይችላል፤ እርሱ ይበቃል። አጠገቡ የሚያውቀው ነገር፣ ለምሳሌ ዳቦ ወይም እንቁላል ይኑር። በአዋቂ ፊት “ይሸታል” ብሎ ምግብ ማንቋሸሽ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ አብሳይዋ እየሰማች መሆኑን ከመግባታችሁ በፊት ይንገሩት። መኪና የሚያጥወለውለው ልጅ ካለ ደግሞ ከመነሣቱ በፊት ቅባት የበዛበት ነገር አይብላ፤ እሑድ ከቡታጅራ በኋላ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ተቀምጣችሁ ተነሡ።

ሲዳማዊት

ለልጆቹ ከእኔም አንድ ሐሳብ። ቅዳሜ ቡርሳሜው እስኪደርስ እንሰቱ ሲፋቅ ወይም ዋሳው ሲዘጋጅ ማየት ይቻል እንደሆነ ቤቱን ጠይቁ፤ ሥራው በየዕለቱ የሚሠራ ስላልሆነ ላይገጥማችሁ ይችላል። ከገጠማችሁ ግን ልጅ በእጁ የነካካውን ምግብ ለመቅመስ አይፈራም። ፎቶ ለማንሣት ሴቶቹን አስፈቅዱ፤ በሥራ ልብሳቸው ሆነው መነሣት የማይወዱ አሉ።

የረጅም መንገድ ሾፌር

እኔም ቶሎ ልጨምርና ልውጣ። ከዝዋይ ወደ ቆሼ ከመታጠፋችሁ በፊት ነዳጅ ሙሉ፤ የምግብ ቤት ስልክ ቁጥር በወረቀት ላይ ጻፉ፤ ኔትወርክ የሚጠፋባቸው ቦታዎች አሉ። ቡታጅራ ስትደውሉ የሰዉን ብዛት ብቻ ሳይሆን ስንቱ ክትፎ ሙሉ ለሙሉ የበሰለ፣ ስንቱ ለብለብ እንደሆነ ለይታችሁ ተናገሩ፤ ሲጨናነቁ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ያወጡታልና።